ከከፈኑ በፊት መድኃኒቱ!



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ድሃ ሲሞት ጀመዓችን ይሮጣል። ከፈን ይገዛል፣ ቀብር ይቆፈራል፣ ሶፉ ይሞላል። አልሐምዱሊላህ! ያ ሰው ግን ከመሞቱ በፊት ስንት ወር በካንሰር ሲያቃስት ከረመ? ያኔስ ማን ደረሰለት?

ከጉና ሥር የታመመ ሰው እንደምንም ደብረ ታቦር ይደርሳል። ከዚያ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ሂድ ይባላል። ያለው ይሄዳል፤ የሌለው ፓራሲታሞል ይዞ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። በሽታው አይድንም ማለት ግን ሕክምናው አበቃ ማለት አይደለም። ሕመም ማስታገስ፣ ቁስል ማጠብ፣ አስታማሚን ማገዝም ሕክምና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ እርዳታ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው።

"ሕመም ወንጀል ያብሳል፣ ሶብር ያድርግ" የሚሉ አሉ። ማበሱን እናምናለን። ሶብር ግን የታማሚው ዒባዳ እንጂ የጤነኛው ማምለጫ አይደለም! እንዲህ ባዩ ራሱ ጥርሱን ሲያመው እስከ ሱብሒ አይታገስም። መታከምን ያዘዙት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው።

"ሞርፊን ሐራም ነው" የሚልም አለ። ሐኪም ሲያዝና ለሕመም በሚያስፈልገው ልክ ሲሆን ዑለማዎች ፈቅደውታል። ሕመሙ የቀለለለት ሰው ይሰግዳል፣ ዕዳውን ይናገራል፣ ወሲያውን ይተዋል፣ ሸሃዳውን ይላል።

አይቻልም እንዳይባል፣ አዲስ አበባ ላይ የሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶች ታማሚ ቤት ድረስ ይሄዳሉ። ሱልጣን ቀላውን በ1284 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ያሠሩት ሆስፒታል ድሃውንም ሀብታሙንም በወቅፍ ገቢ ያክም ነበር።

የጤና ኃላፊዎች ሆይ! የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ሲጀመር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዷ የእኛዋ ፎገራ ነበረች። ፋርማሲው ባዶ ከሆነ ግን የመድኅን መታወቂያ ለድሃ ምን ይሠራለታል? የሚዋጥ ሞርፊን ለወረዳ ሆስፒታሎች ይድረስ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አልጋ የያዘውን ቤቱ ሄደው ይዩት።

እኛስ? የጀናዛ እድራችን ሰው በሕይወት እያለም ይድረስ። ከዘካው ለታመመው ሚስኪን ይመደብ። አልጋ የያዙት ከጁምዓ በኋላ ይነገሩና ወንዱ ለወንድ፣ ሴቷ ለሴት ተራ ይያዝ። ክርስቲያን ጎረቤትም አይረሳ፤ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የታመመውን አይሁዳዊ ልጅ ቤቱ ሄደው ጠይቀዋል።

የቂያማ ዕለት አላህ የታመመውን ባሪያውን ለምን እንዳልጠየቅነው ይጠይቀናል። መልሳችን "ቀብሩ ላይ ነበርን" ከሆነ ወዮልን!

አላህ ታማሚዎቻችንን ያሽርልን፣ መጨረሻችንን ያሳምርልን። አሚን! ሼር በማድረግ ለሌሎች አድርሱ።