የፕሮቲኑ ጉዳይ የአበባውም ጉዳይ ነው

የፕሮቲን ጥራቱ የተሻሻለ በቆሎ በአገራችን ከታወቀ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ቢኤችኪውፒ-542 የተባለው ዲቃላ ዝርያ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ስለዚህ በቆሎ ስንወያይ ትኩረታችን የሚያርፈው በተዘራው ዘር ጥራት ላይ ነው። በእኔ አመለካከት ግን ሚዛኑ መሆን ያለበት ከማሳው የሚሰበሰበው ፍሬ ነው። ሕፃን የሚመገበው የተዘራውን ሳይሆን የታጨደውን ነውና።

የነገሩ ሥር በዘረመሉ አሠራር ውስጥ ይገኛል። በተራ በቆሎ ውስጥ አብዛኛው የፍሬ ፕሮቲን ዜይን ነው፤ ዜይን ደግሞ ላይሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉት አሚኖ አሲዶች እጅግ ይጎድሉታል። እ.ኤ.አ. በ1964 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኦፔክ-2 የተባለው የተለወጠ ዘረመል የዜይንን ክምችት ቀንሶ የላይሲንን መጠን ከፍ እንደሚያደርግ አስታወቁ። የመጀመሪያው ኦፔክ-2 በቆሎ ፍሬው ለስላሳ፣ ምርቱ አነስተኛ፣ ለነቀዝም የተጋለጠ ነበር። ሱሪንደር ቫሳልና ኤቫንጀሊና ቪሌጋስ ፍሬውን የሚያጠነክሩ አጋዥ ዘረመሎችን በማዋሐድ ችግሩን ፈቱ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ ኦፔክ-2 ተሸናፊ ባሕርይ ነው። የፍሬው የምግብ ክፍል የሆነው ኢንዶስፐርም ሁለት የዘረመል ቅጂ ከእናት፣ አንድ ደግሞ ከአባት ይወርሳል። ከጎረቤት ማሳ የመጣ የተራ በቆሎ ብናኝ ፀጉሩ ላይ ካረፈ፣ ያ አንድ ቅጂ ብቻውን የዜይንን ምርት ይመልሳል። ጉዳቱም የሚታየው በቀጣዩ ትውልድ ሳይሆን በዚያው ዓመት ፍሬ ላይ ነው። ፍሬው ከውጭ ሲታይ ጠንካራና ጤናማ ስለሚመስል፣ ገንፎ የምታገነፋ እናት ልዩነቱን በዓይኗ ልትለይ አትችልም።

ብክለቱ የሚበረታው በማሳው ዳርቻ ስለሆነ አያሰጋም የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። ለሰፊ ማሳ እውነት ነው። ነገር ግን ማሳው ጠባብ፣ ጎረቤቱም ተራ በቆሎ የዘራ ሲሆን፣ ዳርቻው የማሳው ትልቅ ክፍል ይሆናል። ገበሬው ከዚያው ለቀጣዩ ዓመት ዘር ከለየ ደግሞ ብክለቱ ከዓመት ዓመት ይደራረባል።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛው ቀላል ነው፤ ለሕፃናት ምግብና ለዘር የሚሆነው ከማሳው መካከል ተለይቶ ይታጨድ፤ የትሪፕቶፋን ምርመራም ከዘር ማባዣ ጣቢያ ባሻገር በገበሬው ጎተራ ይደረግ። ሁለተኛው ለእኛ ለተመራቂ ተማሪዎች የተተወ የቤት ሥራ ነው። በፈንዲሻ በቆሎ ዘንድ የታወቀው ጂኤ-1 የተባለ ዘረመል፣ የሴቴ አበባዋ ፀጉር ይህ ዘረመል የሌለውን ብናኝ እንዳትቀበል ያደርጋል። ይህን አጥር ከኦፔክ-2 ጋር ማዋሐድ ይቻላል። እርግጥ አጥሩ እንዲጠነክር ዘረመሉ በዲቃላው በሁለቱም ወላጆች ዘንድ መኖር አለበት፤ ይህም ተደጋጋሚ የኋሊት ማዳቀልንና ትዕግሥትን ይጠይቃል።

የዘር ፕሮቲንና የአበባ ጥናት በትምህርት ክፍሎቻችን ሁለት የተለያዩ ርእሶች ሆነው ይቀርባሉ። በገበሬው ማሳ ግን አንድ ናቸው። ለፍሬው የደከምነውን ያህል ለአበባው ካልደከምን፣ በቤተ ሙከራ ያገኘነውን ላይሲን ነፋስ መልሶ ይወስድብናል።