ባለሙያው የአጎቴ ልጅ ሚዜ ነበር

ባለፈው እሑድ ከሰፈራችን አዲስ ተጋቢዎች ባልና ሚስት ቡና ሊጠጡ መጥተው ነበር። ባልየው የተጠቀለለ ፕላን በብብቱ ይዟል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ የመጡበት ጉዳይ ወጣ። «እትዬ፣ እርስዎ ቤት ስላሠሩ ያውቃሉ ብለን ነው። የሚታመን ባለሙያ ካለ ይጠቁሙን።»

ወዲያው ስም መጥራት አቃተኝ። እኔም በ2007 ዓ.ም. ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ዘመድ ቤት ለዘመድ ቤት ዞሬያለሁና።

ያኔ ለቡ አካባቢ በባለቤቴ የቤት ማኅበር በኩል የደረሰን 150 ካሬ ቦታ ነበረን። ገንዘቡ ከሦስት ቦታ የተሰባሰበ ነው፤ ባንክ ያስቀመጥነው፣ ባለቤቴ የደረሰው ዕቁብ፣ ታናሽ እህቴ ከቤይሩት የላከችው። የእህቴ ከሁሉም ይበልጣል። ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ነው። ስትልከው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ፎቁ ላይ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ክፍል የእሷ እንዲሆን።

ፕላኑ ጂ ፕላስ ዋን ነበር። ዋጋ የሰጡን ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው መሐንዲስ አሥር ገጽ ሙሉ ዝርዝር ይዞ መጣ፤ የብረቱ ውፍረት፣ የብሎኬቱ ዓይነት፣ የእያንዳንዱ ሥራ መጠንና ነጠላ ዋጋ። ከመዋዋላችን በፊት ሁለት ጉድጓድ አስቆፍሬ አፈሩን ልየው፣ የቁፋሮውን ደግሞ እናንተ ትከፍላላችሁ አለን። ከባለቤቴ ጋር ተያየን። ገና ሥራ ሳይጀምር ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው! ሁለተኛውን ዋጋው አስደንግጦን ተውነው። ሦስተኛው የአጎቴ ልጅ ሚዜ ነበር።

«እሱን ትተሽ ማንን ልታሠሪ ነው?» አለኝ የአጎቴ ልጅ። ሰውዬው ቤታችን መጥቶ ራት በላ፤ ልጆቼን በስማቸው ጠራ። ዋጋው ከመሐንዲሱ በሩብ ያንሳል፤ ያውም ከነማቴሪያሉ፣ በድምር። «ኢንጂነር» እያልን ጠራነው። የት እንደተማረ የጠየቀ ከመካከላችን የለም፤ ራት ያበሉትን ሰው ምን ብለው ይጠይቁታል? ባሳየን የተቋራጭነት ፈቃድ ላይ ያለው ስም የሌላ ሰው ነበር። «የሸሪኬ ነው» አለን፤ እኛም አመንን።

ውላችን አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ወረዳው በር ላይ የሚቀመጥ ጸሐፊ ያዘጋጀው። «ቤቱን በጥራት ሠርቶ ለማስረከብ» ይላል። ጥራት ማለት ስንት ቁጥር ብረት፣ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደሆነ አይልም። መቼ እንደሚያልቅም አይልም። ቅድሚያ ክፍያው ግን በቁጥርም በፊደልም ተጽፏል፤ 40 በመቶ።

መሬቱ ሲቆፈር መረሬ ወጣ። ለቡን፣ ቦሌን ወይም ሲኤምሲን የሚያውቅ ይህን ጥቁር አፈር ያውቀዋል። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተቀመጠውንም ግንብ አብሮ ሲያነሳና ሲጥል ይኖራል። ወይ ተጠርጎ ወጥቶ በገረጋንቲ መተካት አለበት፣ ወይ መሠረቱ አልፎት መውረድ። «ይህ በውላችን የለም» አለ ባለሙያው። እውነቱን ነው፣ የለም። ለሁለት ጉድጓድ የሰሰትነውን ገንዘብ ለሲኖትራክ ምልልስ እጥፍ ድርብ አድርገን ከፈልን። በዚህ እስከ ዛሬ እሱን አልወቅሰውም።

ከዚያ ጠፋ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ሁለት ወር ሙሉ። በኋላ እንደገባኝ የእኛ ቅድሚያ ክፍያ የሄደው ገርጂ የጀመረውን የሌላ ሰው ቤት ለመጨረስ ነው፤ የዚያ ሰው ቅድሚያ ደግሞ ከእሱ በፊት ለነበረው። እንዲህ ያለው ትንሽ ተቋራጭ የራሱ መንቀሳቀሻ ገንዘብ ስለሌለው ከአንዱ እየነቀለ ለሌላው ይከፍላል። ሲሚንቶ ወይም ብረት አንድ ጊዜ ከተወደደ ሰንሰለቱ ይበጠስና በመጨረሻ የተዋዋለው ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል። ለዚህ ሰውዬው ሌባ መሆን እንኳ አያስፈልገውም።

ተመልሶ ሲመጣ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሥራውንም አፋጠነ። ኮለኖቹ ቆሙ። ሶሌታው ቅዳሜ ይሞላል ተባለ። ያን ቀን እኔ ለቅሶ ነበርኩ፣ ባለቤቴ መስክ። ሰኞ ስሄድ ዘበኛው አባባ ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «እሜቴ፣ ዓርብ ማታ ሲሚንቶ ተጭኖ ወጥቷል። ለሌላ ሥራ ነው አሉኝ።» ባዶ ከረጢቶቹን ቆጠርኩ፤ 61። ሳጠያይቅ ለአንድ ሜትር ኩብ ሲ-25 አርማታ ባለ 50 ኪሎው ሲሚንቶ 7 ከረጢት ያህል እንደሚገባ ነገሩኝ። ሶሌታችን 90 ካሬ ነው፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር፤ 13 ሜትር ኩብ ተኩል ይሆናል። ቢሙን ሳልጨምር እንኳ 95 ከረጢት ገደማ መግባት ነበረበት። «ከረጢቱን የቀን ሠራተኞቹ ሸጠውት ነው» አለኝ ባለሙያው። ይሆናል፤ ባዶ ከረጢት ይሸጣል። ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ።

በዘጠነኛው ቀን ድጋፉ ተነቀለ። ባሕር ዛፉና ጣውላው ሌላ ሥራ ላይ ይፈለግ ነበር። ሶሌታ ተሞልቶ ቢያንስ ሳምንት ውኃ ሊጠጣ፣ ድጋፉም ሦስት ሳምንት ገደማ ሊቆይለት ይገባል፤ የአርማታ ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። የእኛው ከሥሩ ሲታይ እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቷል። አራት ኮለኖች ላይ ብረቱ አፍጥጦ ይታያል።

እህቴ በየሳምንቱ ትደውላለች። «ክፍሌን አሳዪኝ።» እኔ ደግሞ ከመንገዱ በኩል፣ ደህና በሚታይበት ጎን ፎቶ እያነሳሁ እልክላታለሁ። አራት ወር እንዲህ አደረግሁ። ባለሙያው ከሠራብኝ ይልቅ ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በመጨረሻ አሥር ገጽ ይዞ ወደመጣው መሐንዲስ አንገታችንን ደፍተን ሄድን። «ብያችሁ ነበር» አላለንም። ሽሚት ሀመር በሚሉት መለኪያ ኮለኑንም ሶሌታውንም ነካክቶ ሲያበቃ በቀይ ጠመኔ ምልክት አደረገ። ኮለኖቹን ከዙሪያቸው ተጨማሪ ብረትና አርማታ አልብሶ ማዳን ይቻላል። ሶሌታው ግን ሰው የሚኖርበት አይደለም አለ።

ያን ማታ ለእህቴ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ያላየቻቸውን ፎቶዎችም ላክሁ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከጀርባዋ የአሠሪዋ ልጅ ሲያለቅስ ይሰማኛል። «አፍርሱት» አለችኝ። «ልጆችሽ ከሥሩ ሊተኙ ነው እኮ። እኔ አንድ ዓመት እጨምራለሁ።» አንድ ዓመት ያለችው ሁለት ዓመት ተኩል ሆነ። ክፍሏ ዛሬ አለ፤ ፀሐይም ይገባበታል።

ባለሙያውን በሽማግሌ ያዝነው። ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተቋራጭ ሕንጻውን ካስረከበ በኋላ እንኳ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ዋስ ያደርገዋል። እኛ ግን ገና አልተረከብንም፤ መክሰስ ብንፈልግስ ማንን? ፈቃዱ የሌላ ሰው፣ ፊርማው የእሱ፣ በስሙ ያለ ንብረት ደግሞ የለም። እናቴም «ከዘመድ ሚዜ ጋር ችሎት አትቆሙም» አለች። ከወሰደው ሲሶውን በሦስት ጊዜ ሊመልስ ተስማማ። አንዱን መለሰ። ከአጎቴ ልጅ ጋር ሁለት ፋሲካ ሳንጠያየቅ አለፈ።

ይህን ሁሉ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ባለፈው ወር ያስረከበውን ቤት አሳየን አትበሉት አልኳቸው፤ አዲስ ቀለም የማይሸፍነው ነገር የለም። ሦስት ክረምት ያለፈበትን ያሳያችሁ፤ ባለቤቱንም እሱ በሌለበት አነጋግሩ። ገንዘቡን ሥራው በደረሰበት ልክ፣ መሠረቱ ሲያልቅ፣ ሶሌታው ሲሞላ፣ ጣሪያው ሲመታ እየለካችሁ ስጡ፤ የመጨረሻው 5 በመቶ አንድ ክረምት እስኪያልፍ እጃችሁ ላይ ይቆይ። ተቆጣጣሪ ለብቻው ቅጠሩ፣ ባለሙያው የሚያመጣላችሁን ግን አይደለም። ማቴሪያሉን ራሳችሁ ገዝታችሁ በእጅ ዋጋ ማሠራትም አለ። እኛ ሁለተኛውን ዙር የጨረስነው እንደዚያ ነው፤ ሲሚንቶውን ቆጥረን አስገባን፣ ባለቤቴ ግን የሁለት ዓመት ዕረፍቱን ብረት ሲያጓጉዝ ጨረሰ።

ሚስትየዋ ስልኳ ላይ ትጽፋለች። ባልየው ፕላኑን አንዴ ሲጠቀልል አንዴ ሲፈታ ቆየና፣ «እውነቱን ለመናገር፣ እትዬ፣ ሰው አግኝተናል» አለ። «የእሷ አጎት ጓደኛ ነው። እርስዎን የጠየቅነው ለማነጻጸር ያህል ነው።»

«ፈቃዱ በማን ስም ነው?» አልኳቸው።

ተያዩ። እኔም በረካውን ቀዳሁ።