ሕጉ ጓዳ አይገባም

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሲሆኑ ብዙዎቻችን አጨበጨብን። ሳህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት፣ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሲሆኑም እንዲሁ። ሦስቱም ዛሬ በቦታቸው የሉም። ይሁንና የዛሬው ሙግታችን ስለ ወንበር ቆጠራ አይደለም፤ ወንበር ስለማይደርሳት ሴት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት ከቤቷ ወጥታ ቢሮ እንድትገባ፣ ብዙውን ጊዜ ሌላ ሴት ከገጠር መጥታ እዚያ ቤት መግባት አለባት። ሕፃኑን የምትይዘው፣ እንጀራውን የምትጋግረው፣ ሌሊት ጥሩምባ ሲነፋ ተነስታ በር የምትከፍተው እሷ ናት። ስለ መጀመሪያዋ ሴት መብት መንግሥት ብዙ ብሏል፤ ብዙም ሠርቷል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልን ከቤተሰብ አለቅነት አውርዶ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጠላፊ ያገባት እንደሆነ ከቅጣት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ደፍኗል። እነዚህን የሚያናንቅ ሰው የእናቱን ዘመን አያውቅም። ስለ ሁለተኛዋ ሴት ግን ሕጉ ዝም ነው።

ያጋነንን ከመሰላችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንስታችሁ አንብቡ። የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48። በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ። 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ። ደግ ሕግ ነው። ግን ገና አንቀጽ 3 ላይ፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከአዋጁ ውጪ ያደርገዋል። በሰው አማርኛ የቤት ሠራተኛ ማለት ነው። ለእሷ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለብቻው ደንብ ያወጣል ይላል። ይህን ተስፋ የ1996ቱም አዋጅ ጽፎት ነበር። 15 ዓመት ሙሉ ደንቡ ሳይወጣ አዲስ አዋጅ መጣ፤ አዲሱም ያንኑ ተስፋ ገልብጦ አስቀመጠው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ይህን ያደረገው ግማሹ ሴቶች የሆነው ያ የተጨበጨበለት ካቢኔ ባለበት ዓመት ነው።

እስከዚያ ድረስ የቀራት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እሱም በጥቂት አንቀጾች አሠሪው መኝታዋን፣ ምግቧን፣ የሥራና የዕረፍት ጊዜዋን በተመለከተ ተገቢውን እንዲያደርግ ይነግረዋል። ተገቢውን የሚለካው ማን ነው? ያው አሠሪው። ልጅቷ ልትቀጠር ስትመጣ ከደላላው ቀጥሎ የሚጠየቀው «ተያዥ አለሽ?» ነው። ለአሠሪው ተያዥ የሚጠይቅ ግን ሰምተን አናውቅም። ደመወዟን ሦስት ወር ቢይዝባት፣ እሁድን ቢከለክላት፣ ስትፀንስ ፌስታሏን አስይዞ ቢያስወጣት፣ ማን ዋስ ይሆናታል?

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ መንግሥት የቤት ሠራተኛ ምን እንደሚያስፈልጋት ጠንቅቆ ማወቁ ነው። በ2006 ዓ.ም. ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደ። በ2008 አዋጅ ቁጥር 923ን አወጣ፤ 18 ዓመት ይሙላት፣ ትሠልጥን፣ የሥራ ውል ይኑራት፣ ከተቀባዩ አገር ጋር ስምምነት ይፈረም አለ። (አፈጻጸሙ ሌላ ጉድ ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።) ያቺው ልጅ ለሪያድ ኩሽና ውል ካስፈለጋት ለቦሌ ኩሽና ለምን አላስፈለጋትም? ሳዑዲውን እመቤት በክፉ የምናነሳበት አፍ፣ የገርጂዋን ሲሆን ለምን ይለጎማል?

«እኛ ቤት እንደ ልጃችን ናት» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ልጃችሁ እሁድ እስከ ረፋድ ትተኛለች፤ ሲያማት ሐኪም ቤት ትወሰዳለች እንጂ ወደ አገሯ አትሸኝም። ደግሞስ ቸር አሠሪ ሕግ ምን ይጎዳዋል?

ክብደት ያለው መከራከሪያ ሌላ ነው። ደመወዙ ለራሱ ከወር ወር የማያደርሰው አስተማሪና ነርስ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል? እውነት አለው። ግን የሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ብር አይጠይቅም፤ የተጻፈ ውልም ቢሆን የወረቀት ዋጋ ነው። የሚቀረውን ሸክም ደግሞ ለመንግሥት እንመልሰው። ሠራተኛው ሕዝብ በአቅሙ ከፍሎ ልጁን የሚያውልበት በቂ ማቆያ ስለሌለ፣ የጎደለውን የምትሸፍነው የ16 ዓመት ልጅ ናት፤ በእንቅልፏና በማታ ትምህርቷ። የሴቶች እኩልነት በጀት ተብሎ ያልተመዘገበው ትልቁ መዋጮ የእሷ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኞች የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ፈቃድ እንዳላቸው ሲናገር፣ ከጓዳ በስተቀር አላለም። በአንቀጽ 35 ስለ ሴቶች ሲናገርም እመቤቷን ከሠራተኛዋ አልለየም። አሁን የሴቶች ጉዳይ አንድ ሚኒስቴር ነው፣ የሥራ ጉዳይ ሌላ ሚኒስቴር፤ ሴትም ሠራተኛም የሆነችው ልጅ ግን የማን እንደሆነች እንጃ።

የምንጠይቀው አዲስ ፖሊሲ፣ አዲስ ዐውደ ጥናት፣ ወይም ለማርች 8 አዲስ ቲሸርት አይደለም። ያንን ደንብ ነው። የዕረፍት ቀኗን፣ የሌሊት እንቅልፏን፣ ዝቅተኛ ዕድሜዋንና የተጻፈ ውሏን ይወስን፤ ደመወዟ ሲያዝባት ወረዳ ላይ የትኛውን በር እንደምታንኳኳም ይንገራት። ለዚህ ፓርላማ መሰብሰብ እንኳ አያስፈልግም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በራሱ ሥልጣን አጽድቆ የሚያወጣው ነው።