ስለ አውቶሞቢል ማርሽ አመራረጥ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ሲሉ አባቶች የተናገሩት ለጦር ሜዳ ብቻ አይደለም፤ ለንግድ መንገድም ይሠራል። በሜጫ አገር ፈረስ የክብር ምልክት በነበረበት ዘመን እንኳ ብልህ ሰው ለጉግስ የሚጋልበውን ፈረስና ለሩቅ መንገድ የሚቀመጥባትን በቅሎ ለይቶ ያውቅ ነበር። ፈረሱ ለሜዳና ለፍጥነት፥ በቅሎዋም ለገደልና ለቁልቁለት ትመረጥ ነበር። በቅሎ በጉግስ ሜዳ ስላልታየች አልተናቀችም፤ ፈረስም በገደሉ መንገድ ስለዘገየ አልተዋረደም።

ዛሬ ግን ከአምቦ፥ ከጉደር፥ ከጊንጪና ከጌዶ ነጋዴዎች መካከል ገንዘብ አጠራቅሞ ኃይለኛ አውቶሞቢል ለመግዛት የሚነሣው ሰው ይህን የአባቶች ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል። አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ፥ ስለ ወንበሩ ቆዳና ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው። ማርሹ በእጅ የሚለወጥ (ማኑዋል) ወይም በራሱ የሚለወጥ (አውቶማቲክ) ይሁን የሚለውን ነገር ግን ወይ ከደላላ አፍ ይቀበላል፥ ወይ ከጎረቤት አይቶ ይወስናል። አንዱ «አውቶማቲክ የጌታ መኪና ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ማርሽ የማይለውጥ ሾፌር፥ ሾፌር አይባልም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም አነጋገሮች ስለ ክብር የሚናገሩ ናቸው፤ ስለ መንገዱ፥ ስለ ጭነቱና መሪውን ስለሚይዘው ሰው ግን አንዳች አይናገሩም። የሰው ሕይወትና የነጋዴው ገንዘብ ያለው ግን በእነዚህ በሦስቱ ላይ ነው።

በእጅ በሚለወጠው ማርሽ ሾፌሩ በግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ሞተሩን ከካምቢዮው ይለያል፤ በእጁ ማርሹን ይመርጣል፤ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ሲለቅም የሞተሩ ኃይል በሸራው አማካይነት ወደ ጎማው ይተላለፋል። በተለመደው አውቶማቲክ ግን ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው በግፊት የሚሽከረከር ዘይት ነው። ማርሹም እንደ መኪናው ፍጥነትና እንደ ነዳጁ አረጋገጥ በራሱ ጊዜ ይለዋወጣል። የሾፌሩ ግራ እግር ሥራ የለውም።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በሲድሌይ አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲገባና ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የሞተር ሠረገላን ሲያዩ፥ ማርሽ መለወጥ ጉልበትና ብልኀት የሚጠይቅ ሥራ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1928 የካዲላክ ኩባንያ ማርሹ ሳይንኳኳ እንዲገባ የሚያደርገውን መሣሪያ አወጣ፤ በ1939 ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ በኦልድስሞቢል ላይ በራሱ የሚለወጠውን ማርሽ ለገበያ አቀረበ። እንዲህም ሆኖ የእሽቅድምድም መኪናዎች ባለቤቶች ለብዙ ጊዜ አውቶማቲክን «ኃይል የሚበላ የሰነፍ ማርሽ» እያሉ ንቀውት ኖሩ።

ይህን ንቀት የሻረው ራሱ የእሽቅድምድሙ ሜዳ ነው። በ1989 የፌራሪ ኩባንያ ሾፌሩ እጁን ከመሪው ሳያነሣ በጣቱ የሚለውጠውን ማርሽ ይዞ ቀረበ፤ ናይጅል ማንሰልም በዚያው መኪና በብራዚል አንደኛ ወጣ። በ2003 ደግሞ ቮልስዋገን ሁለት ፍሪሲዮን ያለውን ማርሽ ለሕዝብ በሚሸጠው የጎልፍ አውቶሞቢል ላይ አዋለው። የዚህ ማርሽ ብልኀቱ አንደኛው ፍሪሲዮን የያዘው ማርሽ ሲሠራ ሁለተኛው የሚቀጥለውን ማርሽ አዘጋጅቶ መጠበቁ ነው። ከዚህ ወዲህ በፍጥነት በኩል ክርክሩ ተቆርጧል ማለት ይቻላል። ለምሳሌ 510 የፈረስ ጉልበት ያለው ፖርሽ 911 ጂቲ3 ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እስኪደርስ በአውቶማቲኩ 3.4 ሴኮንድ፥ በእጅ ማርሽ ግን 3.9 ሴኮንድ ይፈጅበታል።

ነገር ግን ይኸው ኩባንያ በ2013 ጂቲ3ን በአውቶማቲክ ብቻ ካቀረበ በኋላ፥ በ2017 በእጅ የሚለወጠውን ማርሽ ለፈለገ ሰው መልሶ አቀረበ። ቶዮታም በተቃራኒው በ2020 በእጅ ማርሽ ላወጣው ጂአር ያሪስ በ2024 አውቶማቲክ ጨመረለት። ከዚህ የምንረዳው ሠሪዎቹ ራሳቸው «ይህኛው ይሻላል» ብለው አለመደምደማቸውን ነው። ገዢውንና የሚሄድበትን ስፍራ አይተው ሁለቱንም ያዘጋጃሉ።

እንግዲህ የግማሽ ሴኮንድ ብልጫ ለአምቦ ነጋዴ ምን ይጠቅመዋል? ከአዲስ አበባ በቡራዩ፥ በሆለታ፥ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ አምቦ የሚደርሰው መንገድ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ከብት ይነዳል፤ አህያ ገለባ ተሸክሞ ያቋርጣል፤ ጋሪና ባጃጅ ይመላለሳል፤ ተማሪዎችም ዳር ይዘው ይሄዳሉ። ፈጥኖ መነሣት የሚያስመሰግንበት ስፍራ አይደለም። የሚያስመሰግነው በጊዜ መቆምና ተቆጥቦ መውረድ ነው።

ከዚህም በቀር በካታሎጉ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት በባሕር ወለል የተለካ መሆኑን ገዢው ሊያስብ ይገባዋል። ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ 10 በመቶ ያህል ያጣል። አምቦ ወደ 2,100 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስላለች፥ 150 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው መኪና በከተማዋ ውስጥ ወደ 120 ያህል ብቻ ይዞ ይሠራል። ወደ ወንጪ ተራራ ሲወጣ ደግሞ መንገዱ ከ3,000 ሜትር ስለሚያልፍ ኃይሉ ከዚያም ያንሳል። እንዲህ ባለው ዳገት ላይ አራት ማርሽ ብቻ ያለው የቀድሞ አውቶማቲክ አንድ ጊዜ ሦስተኛ፥ አንድ ጊዜ ሁለተኛ እያለ ይዋልላል። በእጅ የሚለውጠው ሾፌር ግን ዳገቱን አስቀድሞ አይቶ ሁለተኛውን ያስገባና ይወጣል። ስምንትና ዐሥር ማርሽ ያላቸው አዲሶቹ አውቶማቲኮች ይህን ጉድለት በብዙ አሻሽለውታል፤ ዳሩ ግን እነዚህ በከተሞቻችን ገበያ ገና ጥቂቶች ናቸው።

ከዳገቱ ይልቅ የሚያሳስበው ቁልቁለቱ ነው። ከጌዶ ደጋ ወደ ባኮ ቆላ የሚወርደው ወይም ከወንጪ አፋፍ ወደ አምቦ የሚመለሰው ጭነት የያዘ መኪና በፍሬኑ ብቻ ከተማመነ፥ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ የፍሬኑ ዘይት ይፈላል፤ በመጨረሻም ፍሬኑ እምቢ ይላል። የእጅ ማርሽ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ሾፌሩ በወጣበት ማርሽ እንዲወርድ ከጥንት ጀምሮ ተምሯልና ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝለታል። አውቶማቲክም ይህን ማድረግ የማይችል ሆኖ አይደለም። በማርሹ ዘንግ አጠገብ «ኤል» ወይም «2» ተብሎ የተጻፈው፥ በአዲሶቹም ላይ በእጅ የመምረጫው ስፍራ የተሠራው ለዚሁ ነው። ነገር ግን ብዙ ሾፌሮች ዘንጉን «ዲ» ላይ አኑረው ከሽሮ ሜዳ እስከ ባኮ ድረስ ሳይነኩት ይጓዛሉ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ቁልቁለት የሚለቀውም ሰው በሁለቱም ዐይነት ማርሽ ያው አደጋ ይጠብቀዋል። የሚያተርፈው የጥቂት ብር ናፍታ ነው፤ የሚያስይዘው ግን የሰው ነፍስ ነው።

ሌላው ነገር የሾፌሩ ልማድ ነው። ዘመኑን ሁሉ አይሱዙ ሲነዳ የኖረ ሰው በድንገት የጌታውን አውቶማቲክ ቢሰጡት፥ ግራ እግሩ የለመደውን ፍሪሲዮን ሲፈልግ ሰፊውን ፍሬን ያገኝና መኪናውን ባልታሰበ ቦታ ቀጥ ያደርገዋል። በአውቶማቲክ ብቻ የተለማመደ ወጣት ደግሞ ጭነት ባለበት የእጅ ማርሽ መኪና ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት ያቅተውና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ጥፋቱ የሾፌሩ ብቻ ነው አይባልም፤ ሳያለማምድ «ቶሎ ደርሰህ ተመለስ» ብሎ ቁልፍ የሰጠው ጌታም ተካፋይ ነው።

የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ ሰው ደግሞ የጥገናውን ነገር ያውቀዋል። የፍሪሲዮን ሸራ ቢያልቅ በአምቦ ጋራዥ ይለወጣል፤ መካኒኩም ሥራውን ለምዶታል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን የተወሰነለት ዘይት አለው። የተገኘው ዘይት ከተጨመረበት ወይም ዘይቱ ተቃጥሎ ሳለ ከተነዳ ይበላሻል፤ ብዙ ጊዜም አዲስ አበባ ድረስ ተጭኖ መሄድ ግድ ይሆናል። ባትሪው ቢደክም ተገፍቶ አይነሣም፤ ሞተሩ ጠፍቶ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እንዳሉ ረጅም መንገድ ቢጎተትም ካምቢዮው ዘይት አጥቶ ሊቃጠል ይችላል። በመዝገቡ ላይ የመለዋወጫና የመካኒክ ዋጋ ይጻፋል፤ መኪናው ቆሞ የዋለበት ቀን ግን አይጻፍም። የጀልዱ ድንች በጆንያ ሆኖ መኪና ሲጠብቅ የሚበላሸው፥ ገበያውም የሚያልፈው በዚያ ባልተጻፈው ቀን ነው።

በዚህ ላይ ዘመኑ ራሱ ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ አውቶሞቢሎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወሰነ። ስለዚህ የነዳጅ አውቶሞቢል የሚፈልግ ሰው በአመዛኙ ቀድሞ የገባውን፥ በሌላ እጅ የሠራውን ይገዛል፤ የማርሹንም ሁኔታ ከምን ጊዜውም የበለጠ መመርመር ይኖርበታል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ደግሞ አብዛኞቹ አንድ ማርሽ ብቻ ያላቸው ስለሆኑ የሚለወጥ ነገር የላቸውም፤ ለፍጥነት ሲባል በ2019 ሁለት ማርሽ እንደ ተደረገለት እንደ ፖርሽ ታይካን ያለው ጥቂት ነው። ነገር ግን «ማርሽ ከሌለው ሐሳብም የለም» ማለት ስሕተት ይሆናል። የኤሌክትሪኩ ሞተር በቁልቁለት ጊዜ ኃይል እያመነጨና ወደ ባትሪው እየመለሰ መኪናውን ይይዛል፤ ባትሪው ሞልቶ ከሆነ ግን የሚቀበልበት ስፍራ ስለሌለው አያያዙ ይቀንሳል። እንግዲህ ከደጋው ጫፍ ላይ ባትሪ ሞልቶ መውረድ የሚያስብ ሰው ፍሬኑን አስቀድሞ ያሳይ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለነጋዴው የሚሰጠው ምክር እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ነጋዴው ራሱ እየነዳ በአዲስ አበባና በአምቦ መካከል በአስፋልት የሚመላለስ ከሆነ አውቶማቲክን ቢመርጥ አይነቀፍም። በከተማው መጨናነቅ እግሩን ያሳርፍለታል፤ ያልደከመ ሰውም መንገዱን በደንብ ያያል።

2ኛ፤ መኪናው በቅጥር ሾፌር እጅ ሆኖ ጭነት ይዞ ወደ ጀልዱ፥ ወደ ወንጪ ወይም ወደ ባኮ የሚላክ፥ በክረምትም በጊንጪ ዙሪያ ያለውን መረሬ ጭቃ የሚረግጥ ከሆነ የእጅ ማርሽ ይመረጥ። የአምቦና የጉደር ጋራዦች አውቶማቲክን አበጥረው እስኪያውቁት ድረስ ይህ ምርጫ የጥንቃቄ እንጂ የኋላ ቀርነት አይደለም።

3ኛ፤ ያገለገለ መኪና ሲገዛ በሜዳ ላይ ብቻ አይሞከር፤ ዳገት ይውጣ። የሞተሩ ጩኸት ጨምሮ መኪናው ካልጨመረ የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል። በአውቶማቲኩም ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተው።

4ኛ፤ ማርሹ የተለወጠበት ሾፌር ጥቂት ቀን ያለ ጭነት ይለማመድ። የልምምዱ ነዳጅ ከጌታው ኪስ ይውጣ።

ከዚህ አልፎ ጉዳዩ የአንድ ነጋዴ ብቻ አይደለም። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎች ሁለቱንም ዐይነት ማርሽ በቁልቁለት ላይ ጭምር ቢያስተምሩ፥ የቴክኒክ ተማሪዎችም የአውቶማቲክ ካምቢዮንና የኤሌክትሪክ ሞተርን ጥገና ቢማሩ፥ ለአምቦ ወጣቶች እንጀራ፥ ለነጋዴውም ዕረፍት ይሆናል። ይህን ጥያቄ አንድ ሆነው ሊያቀርቡ የሚችሉት ነጋዴዎቹ በማኅበራቸው በኩል ነው።

ፈረሱ የሚያደርሰው ጋላቢው የሚሄድበትን አገር አውቆ የመረጠው እንደሆነ ነው። አውቶሞቢሉም እንዲሁ ነው፤ የደጁን ቁልቁለት ሳያይ ማርሽ የመረጠ ነጋዴ የገዛው ክብሩን እንጂ መጓጓዣውን አይደለም።