ማስረጃ አምጣ የሚባለው ማን ነው?

በፋብሪካ ዝቃጭ አጠገብ የሚኖር ሰው «ልጄ ታመመብኝ፤ ውኃው ሸተተኝ» ብሎ አቤት ሲል፥ ከሹምም ከምሁርም የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ «ማስረጃህ የታለ?» የሚል ነው። ጥያቄው የሳይንስ ጥያቄ ስለሚመስል ማንም አይነቅፈውም፤ እኛም በየክፍላችን የምንማረው ይህንኑ ስለ ሆነ ተገቢ ነው ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን ጥያቄው የሚቀርበው ለማይገባው ሰው ነው እላለሁ። መሣሪያውና ቤተ ሙከራው ያለው እኛ ዘንድ ሆኖ ሳለ፥ ማስረጃ የሚጠየቀው ባዶ እጁን የቆመው ነው።

ይህን ነገር አጥርቶ የሚያሳየው በአሜሪካ አገር፥ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፥ በናያጋራ ፎልስ ከተማ የደረሰው የላቭ ካናል ታሪክ ነው። ሁከር የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ከ1942 እስከ 1953 እ.ኤ.አ. ድረስ፥ ቁፋሮው ተጀምሮ በቀረ አሮጌ ቦይ ውስጥ 20 ሺህ ቶን ያህል የኬሚካል ውዳቂ ቀበረ። ከዚያም አፈር መልሶበት በ1953 ቦታውን ለከተማው የትምህርት ቦርድ በ1 ዶላር ሸጠው፤ በሽያጩ ውልም ላይ ከሥሩ ኬሚካል መኖሩንና ወደ ፊት ለሚደርሰው ጉዳት ኩባንያው ተጠያቂ አለመሆኑን አስጻፈ። እንግዲህ ሻጩ የሸጠውን ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ገዢውም በጽሑፍ ተነግሮታል። ቢሆንም በቦታው ላይ ትምህርት ቤት ተሠራ፤ በዙሪያውም መኖሪያ ቤቶች ተደረደሩ። ከእግራቸው ሥር ያለውን ሳያውቁ የኖሩት ቤቱን በዕዳ የገዙት ሠራተኞች ናቸው።

በ1970ዎቹ በረዶውና ዝናቡ ሲበረታ የተቀበረው ወደ ላይ ወጣ። በርሜሎች ከመሬት ብቅ አሉ፤ በምድር ቤቶችም ግድግዳ ላይ ጥቁር ፈሳሽ ይሰርግ ጀመር። በነሐሴ 1978 መንግሥት ትምህርት ቤቱን ዘጋ፤ ለቦዩ በጣም የቀረቡትንም ቤተ ሰቦች አስለቀቀ። ራቅ ብለው የሚኖሩትን ግን «እናንተን አያሰጋችሁም» አላቸው። ሎይስ ጊብስ የምትባል እናት በር እያንኳኳች የጎረቤቶቿን ሕመም መዘገበች፤ ቤቨርሊ ፔይገን የተባለች ተመራማሪም ረዳቻት። ሕመሙ በካርታ ላይ ሲሰፍር፥ ቀድሞ ጅረት ወርዶባቸው ኋላ በአፈር በተሞሉት ቦታዎች ላይ በዝቶ ታየ። ሹማምንቱ ይህን የቤት እመቤቶች ወሬ ነው ብለው ናቁት። የቀሩት ነዋሪዎች እንዲለቁ የተፈቀደላቸው ከሁለት ዓመት ክርክር በኋላ በ1980 ነው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይም ሱፐርፈንድ የሚባለው የመርዛማ ቦታዎች ማጽጃ ሕግ ወጣ።

እውነቱን ለመናገር፥ ነዋሪዎቹ የፈሩት ሁሉ አልተረጋገጠም። የክፍለ ግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት ከብዙ ዓመታት በኋላ ባወጣው ክትትል፥ በዚያ ሠፈር የተወለዱ ሕፃናት የአካል ጉድለት ከሚጠበቀው በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ካንሰር ግን በጠቅላላው በዝቶ አልተገኘም። ይህ የሚያስገርም አይደለም። የአንድ ሠፈር ሕዝብ ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሰው ከቦታ ቦታ ይዛወራል፤ አንዳንዱም በሽታ እስኪታይ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ስለዚህ «ጉዳቱ አልተረጋገጠም» ማለትና «ጉዳት የለም» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ግን ሁለቱ አንድ ሆነው ይጻፋሉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በዘነበ ወርቅ አጠገብ ያለው የቆሼ ክምር ከአምሳ ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ውዳቂ፥ የቤቱንም የፋብሪካውንም፥ ሲቀበል ኖረ። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ ቢዛወር፥ የሰንዳፋ ገበሬዎች ውኃችን ተበከለ፥ ከብታችን አለቀ ብለው በዚያው ዓመት አስቆሙት፤ የከተማውም መኪና ሁሉ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ክምር ላይ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ የሚኖሩ ነበሩና፥ አደገኛ ነው ብሎ የሚነግራቸው ቢመጣ «ታዲያ የት ልሂድ?» ማለታቸው አይቀርም። ይህን ጥያቄ የሚመልስ ቤተ ሙከራ የለም። ያም ሆኖ ሰው አደጋውን እያወቀ ቢኖርና ሳያውቅ ቢኖር አንድ አይደለም።

የአቃቂ ወንዝ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ እኛን ይመለከተናል። ቆዳ ፋብሪካ ቆዳውን የሚያለፋው በክሮምየም ጨው ነው፤ ሳይጣራ የሚለቀቀው ፍሳሽ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ በወንዙም ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ውኃውን፥ አፈሩንና ጎመኑን የመዘኑ የአገራችን ተማሪዎችና መምህራን ብዙ ናቸው። ግን የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ጽሑፉም ያለው በመጻሕፍት ቤት መደርደሪያ ላይ ነው። ናሙናው የተወሰደባት ጎመን አትክልተኛ በማሳዋ ላይ የተገኘውን ቁጥር የሚነግራት የለም። ከእርሷ ማሳ አፈር ተወስዶ የማስትሬት ማዕርግ ተገኘበት፤ ለእርሷ ግን ምን ተመለሰላት?

አንዳንድ መምህራን «ያልተማረ ሰው ቁጥር ቢሰጠው ይሸበራል» ይላሉ። ሽብሩማ ድሮም አለ፤ ቁጥሩ የሚጨምረው ነገር ቢኖር የቱን መፍራት እንደሚገባ መለየት ነው። ለምሳሌ አፈሩ እርሳስ ያለበት መሆኑን ያወቀች እናት፥ ሕፃን ልጇ ከዚያ አፈር እንዳይጫወት ልትከለክል፥ እጁንም ልታጥብ ትችላለች። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ስለሚጎዳ፥ ይህች ትንሽ ጥንቃቄ ትንሽ አይደለችም።

ሕጉም ቢሆን በሩን ከፍቷል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖርን መብት ደነገገ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300ም፥ ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማሳየት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቀደ። ነገር ግን ባዶ እጁን በዚያ በር የሚገባ ሰው የሚሰማው ያንኑ «ማስረጃህ የታለ?» የሚለውን ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከሰው ማሳ፥ ከሰው ጉድጓድ ወይም ከሰው ደም ናሙና የሚወስድ ተማሪ ሁሉ፥ ያገኘውን በሁለት ገጽ፥ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ጽፎ ለባለቤቱና ለቀበሌው ጤና ጣቢያ ያድርስ፤ መምህራንም ይህ መፈጸሙን ሳያዩ የመመረቂያ ጽሑፉን አይፈርሙ። የሕግ ተማሪዎች አቤቱታ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ይስጡ። ወረቀቱን ማኅበሩ ያባዛል። ለትርጉሙ ሥራ ሁለቱን ቋንቋዎች አሳምረው የሚጽፉ ስድስት ሰዎች ይበቁናል፤ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ከሚቀጥለው ጉባኤ በፊት ስሙን ለጸሐፊው ያስመዝግብ።