የሌሊት ወፍና የኮንጎ እባብ

በወላይታ ሶዶ ፀሐይ ስትጠልቅ የሌሊት ወፍ ትወጣለች። ስሟ ወፍ ይላታል እንጂ ወፍ አይደለችም። ላባ የላትም፥ ጥርስ አላት፤ እንቁላል አትጥልም፥ ልጅዋን ወልዳ ጡት ታጠባለች። ይህ ስሕተት ብዙ አይጐዳም፤ ቢኖርም ግድ የለም።

እንስሳን የሚያስገድል ስም ግን አለ። በአሜሪካ አገር በደቡብ ምሥራቅ በኩል፥ በረግረግ ውስጥ የሚኖር አንድ እንስሳ «የኮንጎ እባብ» ይባላል። ከኮንጎ አልመጣም፤ እባብም አይደለም፤ የእንቁራሪት ዘመድ ነው። ቁመቱ ከ1 ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ እግሮቹ ግን እጅግ ጥቃቅን ናቸው። ሲነክስ ያማል፥ መርዝ ግን የለውም። ሰዎች መርዛም እባብ መስሏቸው ይገድሉታል። እንዲህ ያለው ስም ሊለወጥ ይገባዋል። ዱላ ያነሣው ሰው ጐንበስ ብሎ ቢያይ፥ አራቱን እግሮች ባገኛቸው ነበር።