ቆርቆሮ የሚመታላችሁን ሰው ስትመርጡ

ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «መምህር፣ ዱርቤቴ ላይ ቤት ልሠራ ነው። ቆርቆሮ የሚመታልኝ ታማኝ ሰው ካለ ስሙን ይላኩልኝ።» ስም ልልክለት ስልኬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። እኔም የዛሬ ጥቂት ዓመት የጠየቅሁት ስም ብቻ ነበርና።

የተሰጠኝ ሰው በዘመድ የመጣ ነው፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ያነሰ። ውል እንጻፍ ለማለት አፈርኩ። የእጁን ዋጋ አብዛኛውን ጣሪያው ገና ግማሽ ሳይደርስ ከፈልኩት። የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ። በተከታዩ ግንቦት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ነፋስ መጣ። መጀመሪያ ጠርዙ ተንቋቋ፣ ከዚያ አራት ቆርቆሮ ተገንጥሎ ጎረቤት ጓሮ ወደቀ። ጎታ ያልገባው በቆሎ ራሰ። ለፈተና ትዘጋጅ የነበረችው ልጄ ደብተሮቿን በፌስታል ጠቅልላ ጎረቤት አደረች። ወደ ሰውዬው ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው።

ሊጠግን የመጣው ሌላ አናጺ ነው፤ በዕድሜ የገፋ ሰው። ስለ ዋጋ ምንም ሳያነሳ መሰላል አስመጥቶ ወጣ። ከላይ ሆኖ መጠየቅ ጀመረ። «መምህር፣ ይህ ባህር ዛፍ መቼ ነው የተቆረጠ? ነፋሱ የሚበረታው በየት በኩል ነው? ምድጃውስ የት ነው ያለ?» ያኔ ትዝ አለኝ። የመጀመሪያው ሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቀኝ፦ «ቀብድ ስንት ይሰጡኛል?»

የሽማግሌው ጥያቄ ለወሬ ማሟያ አልነበረም። እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፤ ያን ጊዜ ሚስማሩ ይላላል። ነፋስ ጣሪያ ሲያነሳ የሚጀምረው ከጠርዝና ከማዕዘን ነው፤ ስለዚህ እዚያ ሚስማሩ መብዛት፣ ወራጁም ከግድግዳው ጋር በሽቦ ጠብቆ መታሰር አለበት። የእኔ ወራጅ በአንድ ሚስማር ብቻ ነበር የተያዘው። ሚስማሩም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ መመታት ሲገባው ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ተመትቶ ነበር። ውኃ በየሚስማሩ ቀዳዳ እየገባ እንጨቱን ሲያበሰብሰው ከርሟል። የምድጃ ጭስም ቆርቆሮን ቶሎ ያዝጋል።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ዋጋ ከመናገሩ በፊት የሚጠይቃችሁን ሰው ምረጡ። ቤታችሁን ሳያይ በስልክ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው ጣሪያውንም ሳያይ ነው የሚመታው።

ሁለተኛው ነገር ውል ነው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ እንደማትስማሙ አውቃለሁ። «እኛ አገር ሰው በቃሉ ነው የሚኖረው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ኖሯል። የአባቶቻችን ቤት የሳር ክዳን ነበር። የሚከድነው ጎረቤት ነው፤ በደቦ ተሰብስቦ፣ ጠላ ጠጥቶ። ክዳኑ ቢያፈስ የከደነው ሰው በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይገኛል፤ የት ይሄዳል? ዋስትናው ጉርብትናው ነበር። ዛሬ ቆርቆሮውን የሚመታው ሰው ከመራዊ ወይም ከዳንግላ ሊመጣ ይችላል፤ ሥራውን ሲጨርስ መኪና ተሳፍሮ ይሄዳል። ጉርብትናው ቀርቷል፤ በምትኩ ግን ምንም አላስቀመጥንም። ወረቀት የምጽፈው ሰውየውን ስለጠረጠርኩ አይደለም፤ ያ የጠፋው ጉርብትና በአንድ ነገር መተካት ስላለበት ነው። ለባለሙያውም ይጠቅማል። ስንቱ ታታሪ ልጅ ሥራውን ጨርሶ የእጁን ዋጋ እየለመነ ይመላለሳል!

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ቤት የሠራ ተቋራጭ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። አስር ዓመት! ነገር ግን ማን እንደሠራውና መቼ እንዳስረከበ የሚያሳይ ነገር በእጃችሁ ከሌለ ይህን መብት በምን ታስረዳላችሁ? አንድ ገጽ ይበቃል፤ የቆርቆሮው ጌጅ፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ክፍያው በስንት ዙር እንደሆነ፣ የሁለታችሁ ፊርማና ሁለት ምስክር። ከክፍያው የተወሰነው የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እስኪያልፍ ይቆይ፤ ይህም አስቀድሞ ውሉ ላይ ይስፈር።

ሦስተኛ፣ ሥራውን በዓይናችሁ እዩ። ትናንት የመታውን የሚያብረቀርቅ ጣሪያ ሳይሆን ሁለት ክረምት ያለፈበትን። ባለቤቷን «ያፈስሻል ወይ? ስትጠሪው ይመጣል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቢቻል ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ሂዱ።

ሥራውን ግንቦት ላይም አትጀምሩ። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ክረምት ሳይገባ ልክደን ይላል፤ አናጺው ሦስት ቤት ይዞ ይሯሯጣል። እህል ከተሰበሰበ በኋላ፣ ታኅሣሥና ጥር፣ ሰውም ይገኛል፣ እንጨትም ይደርቃል።

ይህን ሁሉ ስል ጥፋቱን ባለሙያው ላይ ብቻ መጣሌ አይደለም። ቆርቆሮ ልገዛ ስሄድ ባለሱቁ 32 እና 35 ጌጅ አሳይቶኝ ነበር። እኔ፣ መምህር ተብዬው፣ ቁጥሩ ሲበልጥ ቆርቆሮው እንደሚሳሳ እያወቅሁ ርካሹን 35 ገዛሁ። ሚስማርም «ይበቃል» ብዬ ያሳነስኩት እኔው ነኝ። ርካሽ ፈልጌ ርካሽ አገኘሁ። ሰውዬው የኔን ስስት ነው በሚስማር የመታልኝ።

ለተማሪዬ በመጨረሻ ስም ላክሁለት፤ የሽማግሌውን አናጺ። ግን ከስሙ በታች እንዲህ ጻፍኩ፦ «እኔ ስላልኩህ ብቻ አትቅጠረው። ሂድ፣ የሠራውን ጣሪያ እይ፣ ውል ጻፍ። እሱ ቅር አይለውም። ቅር የሚለው ካገኘህ ግን ሌላ ፈልግ።»

እናንተስ? ጣሪያ አስመትታችሁ የተማራችሁትን ከታች ጻፉ። የሰው ስም እየጠራችሁ አትውቀሱ፤ ልምዱን ብቻ አካፍሉን። ክረምቱን በደረቅ ቤት ያሳልፈን!